እናቴ ከቤት አልወጣም አለች፤ እርጅና ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ እናቴ 69 ዓመቷ ነው። የድሮ ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን፤ ሦስት ዓመት ሆነን። እናቴ ሰው የምትወድ፣ ለቅሶ የማይቀራት ሴት ነበረች። አሁን ከእሑድ ቤተ ክርስቲያን በቀር አትወጣም፤ እሱንም መተው ጀምራለች። የተረፈ እንጀራ እያደረቀች በየፌስታሉ አልጋ ሥር ታስቀምጣለች። 17 ዓመት የሞላው ልጄ ማታ ትንሽ ከቆየ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እስኪገባ አትቀመጥም። ወንድሜ «አርጅታ ነው፣ ተያት» ይለኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እርጅናን ከልጅነት ጀምሮ የሚያጠና ላይፍ ኮርስ የሚባል ትምህርት አለ አለችኝ። ምን ማለት ነው? ለእናቴስ የሚፈይደው ነገር አለ? እንዲያግዝዎት፦ በግል ልብስ ስፌት ቤት 30 ዓመት ያህል ሠርታለች፣ ጡረታ የላትም። ታናሽ ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. እንደወጣ ቀርቷል ይባላል፤ እሷ ግን አታወራም።

ምላሽ፦ እህቴ፣ እኔ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራውም ከአረጋውያንና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። አብዛኛው ውሎዬ ከተማው ሰፍቶ በደረሰባቸው ዳርቻዎች፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቤት ለቤት ስዞር ያልፋል። ወንድምሽ የተናገረውን ቃል በየቤቱ እሰማዋለሁ፤ የሚናገሩትም እናታቸውን የሚወዱ ልጆች ናቸው። ግን «አርጅታ ነው» ከተባለ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሊረዱ ሲችሉ በዚህች ቃል ብቻ ተቀምጠው የቀሩ ስንት እናቶች አይቻለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብለሽ ባለመተውሽ ደስ ብሎኛል።

ወደ ላይፍ ኮርሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እናትሽን ሐኪም ይያቸው። ከቤት መውጣት ያቆመ አረጋዊ ሳገኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዓይንን፣ ጆሮንና ጉልበትን ነው። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ጨለማ ደረጃ ላይ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም፤ ግን «አይታየኝም» ከማለት «ደከመኝ» ማለት ይቀለዋል። ጆሮው የከዳው ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚባለውን ሳይሰማ መቀመጡ ያሳቅቀዋል። ሽንቷን መቆጣጠር ያስቸገራት እናት ለልጇም አትናገርም፤ መጸዳጃ የማታገኝበት ቦታ አለመሄድን ትመርጣለች። ደም ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ድብርቱም ይታይ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለሐኪሙም ለራስሽም ያዢ፦ ይሄ ጠባይ መቼ ጀመረ? ድርቆሹን ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቀምጡ ከኖሩ አያሳስብም። በቅርብ የመጣ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የሚያውቁት መንገድ ከጠፋቸው፣ ብር መቁጠር ካስቸገራቸው፣ ያንኑ ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ከጠየቁ ግን የመርሳት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ውሎ ሳያድር መታየት አለበት። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እኔው ራሴ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ የአንዲት እናት ዝምታ የልጅ ሐዘን ነው ብዬ ለወራት ተመላለስኩ፤ ኋላ ሲመረመሩ ሁለቱም ጆሯቸው በደንብ አይሰማም ነበር። ያን ያህል ጊዜ በከንቱ ማለፉ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ላይፍ ኮርስ፣ በእኛ አማርኛ የሕይወት ጉዞ ጥናት ልንለው እንችላለን፣ አንድን አረጋዊ ዛሬ ተቀምጦ ባለበት ብቻ አያየውም። በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለደ፣ የት አደገ፣ አገር የሚያናውጥ ነገር ሲመጣ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ያን ጊዜ አጠገቡ ማን ነበር እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ዘርፍ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ግሌን ኤልደር ነው። ኤልደር በካሊፎርኒያ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ክትትል የተደረገባቸውን ሁለት ቡድኖች አነጻጸረ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልንገርሽ፦ የኦክላንድ ልጆች በ1920 እና 1921፣ የበርክሌይ ልጆች ደግሞ በ1928 እና 1929 የተወለዱ ናቸው። በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የሁለቱንም ቤት መታ። የኦክላንዶቹ ችግሩ ሲበረታ አሥር ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ወጣ ብለው ሠርተው ሳንቲም ያመጣሉ፣ ቤት ውስጥ እናታቸውን ያግዛሉ። የበርክሌዮቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። በተለይ ወንዶቹ የአባታቸው ሥራ ማጣትና የቤቱ ጭቅጭቅ ከነክብደቱ አረፈባቸው፤ በጉርምስናቸውም ጉዳቱ ጎልቶ ታየ። መከራው አንድ ሆኖ ሳለ ያገኛቸው ዕድሜ ስለተለያየ ብቻ ዱካው ተለያየ።

በእኛም አገር ተጠንቷል። የ77ቱን ረሃብ የማያውቅ የለም። ያን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩ የገጠር ሕፃናት ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ወጣት ሲሆኑ ተለክተው ነበር። ረሃቡ የጠናባቸው ካልደረሰባቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያጥሩ ነበር፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም አንሶ፣ ሕመምም በብዛት እየጎበኛቸው ተገኙ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ 40ን ተሻግረዋል። ሃያ ዓመት ሳይሞላ አረጋውያን ይባላሉ። ያኔ ጉልበታቸው ቢዝል «አርጅተው ነው» እንላቸዋለን፤ ጉዳቱ ግን የገባው ገና ጥርስ ሲያበቅሉ ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ሦስት ነገሮችን ለመለየት እንደክማለን። ዕድሜ ራሱ የሚያመጣው አለ፤ ጉልበት ይደክማል፣ እንቅልፍ ይሳሳል። ዘመኑ በሁሉም ላይ የሚያወርደው አለ፤ የኑሮ ውድነት የ20 ዓመቱንም የ70 ዓመቱንም ቤት ያንኳኳል። ሦስተኛው በአንድ ወቅት የተወለዱ ሰዎች ብቻ ተሸክመውት የሚሄዱት ነው። የእናትሽ ጡረታ ማጣት የዚህ የሦስተኛው ሥራ ነው፤ ይሄ በጣም የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ስለሆነ ቁጥሩን አብረን እናስላው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጡረታ በመሠረቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። 69 ዓመታቸው ከሆነ እናትሽ የተወለዱት በ1948 ወይም በ1949 ነው፤ አዋጁ ሲወጣ 55 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የመውጫው ዕድሜ 60 ነው፤ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እንግዲህ ቀጣሪያቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዋጮውን ከፍሎላቸው ቢሆን እንኳ 60 ሲሞላቸው የሚቆጠርላቸው አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ የሚገኘው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው። እዚያው ስፌት ቤት፣ አጠገባቸው ባለው መኪና ላይ ተቀምጣ የምትሠራ፣ 15 ዓመት የምታንሳቸው ባልደረባ ግን መዋጮዋ ሳይቋረጥ ከቀጠለ 60 ሲሞላት በየወሩ አበል ይኖራታል። ሁለቱም እኩል ጎንበስ ብለው ሰፍተዋል። ልዩነቱ አንደኛዋ ቀድማ መወለዷ ነው።

ይህን ለእናትሽ ተቀምጠሽ አስረጃቸው። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ጡረታ አለመኖሩን እንደ ራሳቸው ጥፋት የሚቆጥሩ፣ «በልጅ ላይ ሸክም ሆንኩ» እያሉ ከምሳቸው የሚቀንሱ እናቶች ገጥመውኛል።

ድርቆሹም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ተሰልፈው በኩፖን ስኳርና ሳሙና የገዙ፣ 77ን ያዩ፣ ዛሬም ወር ጠብቆ በእጃቸው የሚገባ ገንዘብ የሌላቸው እናት ናቸው። በዓይናቸው የሚያዩት፣ የእኔ የሚሉት ተቀማጭ ይሄው የደረቀ እንጀራ ነው። እሳቸው በሌሉበት አውጥተሽ እንዳትጥዪው። ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ ግዢላቸው፣ የሻገተውን አብራችሁ ለዩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የድርቆሽ ፍርፍር ሥሩልን በያቸው። ያስቀመጡት ነገር ቤቱን ሲመግብ ይዩት።

አራብሳን ካነሳሽ አይቀር ከጥያቄሽ ትንሽ ወጣ ልበል። በዚያው በከተማው ምሥራቅ ዳርቻ አንድ አባት አውቃለሁ፤ ገበሬ ነበሩ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ሜዳው ጤፋቸውን የሚዘሩበት ማሳ ነበር። አንድ ጠዋት መኪና ወደሚቆምበት ቦታ ወሰዱኝና «እዚህ ጋ አውድማዬ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ዱላቸውን ኮብልስቶኑ ላይ እየጎተቱ ክቡን ዞሩት፤ ቀስ ብለው፣ ሳይሳሳቱ፣ የቆመ መኪና ሲገጥማቸው ዞር እያሉ፣ ተመልሰው ያንኑ መስመር ይዘው። መሬቱ ሲሄድ እሳቸው 60 ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፣ ትልቁ ልጃቸው 35፣ ትንሹ 13። ትንሹ ትምህርቱን ቀጥሎ ዛሬ ሹፌር ነው። ትልቁ ከእርሻ በቀር የተማረው ሙያ ስላልነበረው በአባቱ ማሳ ላይ በተሠራ ሕንጻ ዘበኛ ሆነ። አባትየው የሚያወርሱት መሬት አጡ። ኤልደር በሁለት ከተሞች ያየውን እኔ በአንድ ግቢ ውስጥ አየሁት።

እናትሽና እኒህ አባት ምናልባት አንድ ታክሲ ይጠብቁ ይሆናል። እናትሽ ሰፈራቸውን ትተው መጡ፤ እሳቸውን ደግሞ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ሰፈራቸው ትቷቸው ሄደ። «ለቅሶ የማይቀራት ሴት ነበረች» ያልሽው ቃል ያስጨነቀኝ ለዚህ ነው።

እድርን ከወርኃዊ መዋጮው ባሻገር እይው። እናትሽ በድሮ ሰፈራቸው 30፣ 40 ዓመት የሰው ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ወጥ ሲሠሩ፣ ሐዘንተኛ ሲያስተኙ ኖረዋል። ይህ ሁሉ ዓመት የተቆጠበ ነገር ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ እሳቸው ሲደክሙና ሲሞቱ። የሕይወት ጉዞ ጥናት «የተሳሰሩ ሕይወቶች» የሚለው፣ የአንዱ ኑሮ ከሌላው ኑሮ ጋር ተያይዞ የሚሄድበት ነገር፣ በእኛ አገር እንደ እድር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። ሰፈሩ ሲነሳ ጎረቤቱ አንዱ ገላን፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አራብሳ ደረሰው፤ ቁጠባው ተበተነ። በ30 ዓመትሽ ሰፈር ብትለቂ በአዲሱ ሰፈር ሌላ 30 ዓመት ለቅሶ ደርሰሽ እንደገና ትገነቢዋለሽ። በ66 ዓመት የለቀቀ ሰው ያን ጊዜ ከየት ያመጣዋል? ብዙዎቹ እናቶች አፍ አውጥተው የማይናገሩት ጭንቀት «ማን ይቀብረኛል» የሚለው ነው። ይህን ሳይፈሩ ከልጃቸው ጋር ቢያወሩት ምንኛ ይቀላቸው ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የድሮ ጎረቤቶቻቸው የት የት እንደደረሱ አጣሪ። ስልክ ይደወል። የጽዋ ማኅበራቸው ካልፈረሰ በወር አንድ ቀን፣ ሁለት ታክሲም ቢሆን፣ አንቺ ወይም ወንድምሽ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ የእሳቸውም ተራ ሲደርስ እናንተ ቤት ይጠጣ። የብሎካችሁ እድር ውስጥ ደግሞ አስመዝግበሽ ብቻ አትተዪ። የ40 ዓመት ልምድ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ለቅሶ ሲኖር ኮሙናሉ ውስጥ ምን ያህል ሽሮ፣ ስንት ድስት፣ ማን ምን ይሥራ የሚለውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሊቀመንበሩን ወይም ሴቶቹን አናግሪ፤ ይጠሯቸው፣ ይጠይቋቸው።

ደረጃውንም አትርሺው። አራብሳ አንድ ብሎክ ውስጥ ከአንዲት እናት ጋር አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አውቃለሁ። በየማረፊያው ይቆማሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይይዛሉ፣ ሰው ሲመጣ ድካማቸውን ለመደበቅ ስልክ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ አንዲት ጎረቤት ባዶ ጀሪካን ገልብጣ፣ በላዩ የተጣጠፈ ማዳበሪያ አድርጋ አስቀምጣላቸዋለች። ያቺ ጀሪካን ከተቀመጠች ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን መውረድ ጀመሩ። እናንተም ሁለት በርጩማ በማረፊያዎቹ ላይ አስቀምጡ፤ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፣ አምፖሉ ይቀየር። ከቻላችሁ ደግሞ የራሳችሁን አከራይታችሁ ታች ምድር ላይ ወይም አንደኛ ፎቅ ተከራዩ። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያስበውም፤ ለአንዲት አረጋዊት ግን ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ። ወንድማቸው የቀረው በ1970 ከሆነ እናትሽ ያኔ 21 ወይም 22 ዓመታቸው ነበር፤ ታናሻቸው ከ20 የሚበልጥ አይመስለኝም። የልጅሽን ዕድሜ ተመልከቺ። በ1969 እና በ70፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ማታ ሳይገባ ሲቀር ጠዋት ወዴት ተሄዶ እንደሚፈለግ ቤተሰብ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ከወደቁት መካከል ፊት እያዩ የፈለጉ እናቶችና እህቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እናትሽን ስለማላውቃቸው ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ግን በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ያን ዘመን በወጣትነታቸው ያሳለፉ ሰዎች ሥራ እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ ብዙ ዓመት ችለው ይኖራሉ። ከዚያ ሥራው ሲቀር፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የልጅ ልጅ ያን የጠፋውን ሰው ዕድሜ ሲደርስ፣ የድሮው ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት የዛሬውን ልጅ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ቁስሉን ቆፍረሽ አታውጪው። «ያኔ ምን ሆነ?» ብለሽ አትጀምሪ። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ያለፈ ዓመት ትልቅ የግድግዳ ካላንደር ገልብጬ ጀርባው ላይ ረጅም መስመር አሰምራለሁ። ላይ ላዩን ዓመተ ምሕረት፣ ሥሩ የሳቸውን ዕድሜ እጽፋለሁ። ከዚያ የምጠይቀው ስለ ቤት ነው፦ የተወለዱበት ቤት የት ነበር? ከዚያስ የት ገቡ? ጎረቤቱ ማን ነበር? ሰው ዓመት ቢጠፋበትም ቤት አይጠፋበትም፤ ቤቱን ሲያነሳ ሰዎቹ አብረው ይመጣሉ። ቀጥሎ የሚያስደስተውን፦ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ሰርግ፣ መጀመሪያ የሰፉት ልብስ፣ የአንቺ መወለድ። ወንድማቸውን ራሳቸው ካነሱት አዳምጪ፤ ዘለውት ካለፉ አንቺም እለፊው። መስመሩን በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም። ሲያወሩ ቢጨነቁ፣ እንቅልፍ ቢያጡ፣ ቅዠት ቢደጋገም ግን አቁሙና ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰጃቸው።

ይህን መስመር ስንሠራ ልጆች ሁልጊዜ የሚገረሙበት ነገር እናታቸው ስንት ጊዜ ራሳቸው እንደወሰኑ ነው። ኤልደርም አጥብቆ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰው ዘመኑ በሰጠው ጠባብ ቦታ ውስጥም ቢሆን ይመርጣል። 30 ዓመት መኪና ላይ የተቀመጡት እናትሽ መርጠው ነው። ስለዚህ ከአንቺና ከወንድምሽ ምክር በፊት እሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። «የጎረቤት ልጆችን ዩኒፎርም ላሳጥር» ሊሉሽ ይችላሉ፤ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ተዉኝ፣ ዝም ብዬ ልጸልይ» ሊሉሽም ይችላሉ። ሁለቱም መልስ ነው።

ልጅሽ መስመሩ ሲሠራ ይኑር፤ ጸሐፊው እሱ ቢሆን ጥሩ ነው። አያቱ ለምን በር ላይ እንደሚቆሙ ሳይነገረው ሊገባው ይችላል። እስከዚያው ማታ ሲመጣ ብሎኩ ሥር ሆኖ፣ ደረጃውን ከመጀመሩ በፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጥራቸው።